በኢስታንቡል የወደቀ ብሩሽ አይነሳም

ረቡዕ

ከቦሌ በሌሊት ተነስተን ኢስታንቡል የገባነው ማለዳ ላይ ነው። አብራኝ ያለችው አክስቴ ናት። መርካቶ ልብስ ትነግዳለች። ሰው ኢስታንቡል ሲባል ቦስፎረስና አያ ሶፊያ ይታየዋል፤ ለእሷ ግን ኢስታንቡል ማለት ላሌሊ ነው፣ ልብስ በጅምላ የሚሸጥበት ሰፈር። እኔ ደግሞ ከተማውን ማየት ፈልጌያለሁ። ስለዚህ ተስማማን፦ እኔ ሻንጣ እጎትታለሁ፣ እሷ ከአጭበርባሪ ትጠብቀኛለች። ሻንጣዎቹ ሲሄዱ ባዶ ናቸው። ሲመለሱ ያው የታወቀ ነው።

አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ጥቁር ባሕር ጠጋ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ከመሀል ከተማው ይርቃል። ይሄ ርቀት ለሸዋጆች ሲሳይ ነው። ገና ከመውጫው በር ሳንርቅ ሸሚዙን ጥርት አድርጎ የተኮሰ ሰውዬ «ታክሲ፣ ማይ ፍሬንድ?» እያለ ተጠጋን። ሕጋዊው ታክሲ ውጭ ተሰልፎ ነው የሚጠብቀው፤ አዳራሽ ውስጥ ገብቶ መንገደኛ አይለምንም። ታርጋው በ34 ቲ ይጀምራል፣ ሜትር አለው። ቀለሙ ሦስት ዓይነት ነው፤ ቢጫው ርካሹ ነው፣ ቱርኩዋዙና ጥቁሩ ይወደዳሉ። ኢስታንቡል ውስጥ የሌሊት ታሪፍ የሚባል ነገር የለም። «ሌሊት ስለሆነ እጥፍ ነው» የሚል ሾፌር ካጋጠማችሁ ከኪሱ ያወጣው ሕግ ነው። በአንጻሩ ለአጭር መንገድ የተቆረጠ ዝቅተኛ ሂሳብ አለ። ሜትሩ ላይ ካያችሁት በላይ ስትጠየቁ ሁሌም ተሸወድን ብላችሁ አትጩኹ፤ ዝቅተኛው ሂሳብ ትክክለኛ ነው።

«ባዶ ሻንጣ ይዞ ታክሲ ምን ይሠራል?» አለች አክስቴ። እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የተከፈተው ኤም 11 የሚባለው ሜትሮ ከአውሮፕላን ማረፊያው ይነሳል። ጋይሬቴፔ ላይ ወርዶ፣ ረጅም የምድር ውስጥ ኮሪደር ተጉዞ፣ ኤም 2 ይዞ ቬዝኔጂለር መውረድ ነው። ከዚያ ላሌሊ በእግር ነው።

ካርድ መግዣው ማሽን አጠገብ አንድ ወጣት ቆሟል። መንገደኛ አይመስልም፣ ሠራተኛም አይመስልም። ኢስታንቡል ካርት የሚባለውን የትራንስፖርት ካርድ ለመግዛት እጄን ስዘረጋ ጣቱ ቀደመኝ። ማሽኑ እኮ እንግሊዝኛም ያወራል። ያስገባችሁትን ብር በሙሉ ካርዱ ላይ ይሞላል እንጂ መልስ የለውም፤ ስለዚህ «መልስህን እኔ እሰጥሃለሁ» ብሎ የሚያግዛችሁ ሰው ምን እንደሚያግዝ ገምቱት። አክስቴ በአማርኛ «የኔ ልጅ፣ ዞር በል» አለችው። ቋንቋው አልገባውም። ድምፁ ግን ገባው መሰለኝ፣ ዞር አለ።

ባቡሩ ውስጥ ሙሉውን ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰጠችኝ።

«ስማ፣ እዚህ አገር አንተ ፈልገህ ያገኘኸው ሰው ብዙም አይሸውድህም። የሚሸውድህ እሱ ፈልጎ ያገኘህ ነው።»

ሐሙስ

ጠዋት በትራም ወደ ሱልጣናህመት ወረድን። ቲ 1 የሚባለው ትራም ሁሌም እንደ ሰርዲን ጣሳ ነው፤ ኪስ አውላቂ የሚወደው ቦታ ነው። አክስቴ አልተጨነቀችም። ዶላሯ ያለው በመቀነቷ ውስጥ፣ መቀነቷ ከቀሚሷ ስር ነው። እኔ የጀርባ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ አዞርኩ።

ቁስጥንጥንያ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ። በቤተ ክርስቲያን ስሟን ስንሰማ ያደግን ሰዎች አያ ሶፊያ ፊት ስንቆም ትንሽ ዝም ማለታችን አይቀርም። ዮሐንስ አፈወርቅ ያስተማረው እዚሁ ቦታ ላይ በነበረው በቀድሞው ቤተ ክርስቲያን ነው። አሁን የምናየውን ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ አሠርቶ እ.ኤ.አ. በ537 ተመረቀ። በ1453 መስጊድ ሆነ፣ በ1930ዎቹ ሙዚየም፣ በ2020 ተመልሶ መስጊድ። ከ2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚ 25 ዩሮ ከፍሎ በሌላ በር ወደ ላይኛው ፎቅ ነው የሚወጣው።

ፊት ለፊት ያለው ሰማያዊው መስጊድ፣ የሱልጣን አህመድ የሚባለው ባለ ስድስት ሚናሩ፣ ግን ነጻ ነው። ለመግባት ሳንቲም አይከፈልም። የሸዋጁ ሥራ ይሄን ማደናገር ነው። አንዱ «ሰልፍ የማይጠብቅ ትኬት» ይሸጣል። ሌላው ደግሞ ይበልጥ ጨዋ ነው፤ «አሁን የሶላት ሰዓት ስለሆነ ተዘግቷል። እስኪከፈት ድረስ የአጎቴን ሱቅ ላሳያችሁ» ይላል። መስጊዱ በሶላት ሰዓት ለጎብኚ መዘጋቱ እውነት ነው፣ በተለይ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ። ውሸቱ እውነት ላይ ስለተለጠፈ ነው የሚሠራው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሩ ጋ ሄዶ ሰሌዳውን ማየት። እኛ ስንደርስ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። አክስቴ ነጠላዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ተከናነበች። ሻርፕ ሊሸጥላት የመጣው ሰውዬ ነጠላውን አይቶ አንድ ቃል ሳይናገር ተመለሰ።

ስንወጣ የምንጣፍ ነጋዴ ተቀበለን።

«ከየት ናችሁ?»

«ኢትዮጵያ።»

«ሐበሺስታን! ቢላል ሐበሺ!» አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ቱርኮች ቢላልን ይወዳሉ። የነቢዩ መሐመድ ሙአዚን፣ ማለትም ሶላት ጠሪ፣ ዘሩ ከእኛ አገር የሆነ ሰው። ስሙን ሲጠሩት ልብ ይሞቃል። ሰውዬውም ይሄን ያውቃል። ምንጣፍ ማየት ስለምፈልግ ገባን። ሻይ መጣ፣ በትንሿ ወገበ ቀጭን ብርጭቆ፣ የፖም ሻይ። ሁለት ልጆች ምንጣፍ እያንከባለሉ ከእግራችን ስር መዘርጋት ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አስር። ማንም «ግዙ» አላለንም። ወለሉ እየተሸፈነ፣ ልጆቹ እያላባቸው፣ ሻዩ እየተደገመ ሄደ። የሆነ ሰዓት ላይ ራሴን «ኧረ አንድ ትንሿን እንኳ ብንገዛ...» ሲል ሰማሁት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለው። ቱሪስት የሚያጭበረብሩ ሰዎች እጃቸውን ኪሳችን ውስጥ አይከቱም። የሚጎረጉሩት ይሉኝታችንን ነው። እኛ ደግሞ በይሉኝታ ያደግን ነን፤ ሻይ የጋበዘንን ሰው ባዶ እጁን መስደድ ያሳፍረናል። ፈረንጁ «ኖ» ብሎ ይወጣል፣ እኛ ለመውጣት ምክንያት ስንፈልግ ዋጋው ይነገረናል።

አክስቴ የአንዱን ምንጣፍ ጠርዝ አንስታ ገለበጠችው። በእጅ የተሠራ ምንጣፍ ጀርባው ላይ ሥዕሉ እንደ ፊቱ ይታያል፣ ቋጠሮዎቹም ትንሽ ይዛነፋሉ። ዘርፉ ደግሞ የራሱ የድሩ ጫፍ ነው። ይሄኛው ግን ቋጠሮው አንድ ወጥ፣ ዘርፉም በስፌት መኪና ተለጥፎ የተሰፋ ነው። «ሐር፣ የሄረኬ» ይላል ሰውዬው፤ ሄረኬ በሐር ምንጣፍ የታወቀች ከተማ ናት። አክስቴ ስፌቱን በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ሻይዋን ጨርሳ ጠጣች፣ ብርጭቆውን ማስቀመጫው ላይ መለሰች፣ «ቴሼኩር ኤዴሪም» ብላ አመሰገነችና ተነሳች። ሰውዬው አልተቆጣም። በር ድረስ ሸኘን፣ ወዲያው ወደ ሌላ ሰው ዞረ። «ከየት ናችሁ?»

አመሻሽ ላይ የጋላታ ማማ ጋ ሄድን። የጣሊያኗ ጄኖዋ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1348 የሠሩት ነው። ከማማው ወደ ካራኮይ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ አንድ ሊስትሮ ሣጥኑን በትከሻው አንግቶ ፈጠን ብሎ አለፈን። ብዙም ሳይርቅ ብሩሽ ወደቀበት። የእንጨት ጀርባው በቀለም የጠቆረ ትልቅ ብሩሽ። ኳ ብሎ ድንጋዩ ላይ ተንከባለለ። ሰውዬው ዞር አላለም። ላነሳለት ጎንበስ ስል አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ሊስትሮ ብሩሹ ሲወድቅ አይሰማም እንዴ? እንጀራው እኮ ነው!»

ከኋላችን የነበረ ጸጉረ ቀይ ፈረንጅ አነሳለት። ሊስትሮው በምስጋና ሊሞት ደረሰ። እጁን ጨበጠው፣ ደረቱን ደበደበ፣ ሣጥኑን አውርዶ ተቀመጠ፣ የፈረንጁን ጫማ በግድ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። በነጻ ነው፣ ለውለታህ ነው። መጥረግ ጀመረ። ጫማው ሸራ ነበር፤ ሸራ ደግሞ አይወለወልም፣ እሱ ግን ወለወለው። ሲጨርስ ፊቱ ጠቆረ። የታመመ ልጅ አለ፣ ሆስፒታል፣ መድኃኒት። ከዚያ ዋጋ። ፈረንጁ ግራና ቀኙን እያየ ቦርሳውን አወጣ። ተመልሰን ስንወጣ ሊስትሮው እዚያው ቁልቁለት ላይ ነበር። ብሩሹ እንደገና ወደቀ።

ዓርብ

የላሌሊ ቀን። እዚህ አክስቴ ሌላ ሰው ናት። ማስታወቂያው በሩሲያኛና በአረብኛ ነው፣ ዋጋው በዶላር ይነገራል፣ ልብስ በነጠላ አይሸጥም። የሚሸጠው በ«ሴሪ» ነው፤ አንድ ሞዴል ከትንሹ እስከ ትልቁ ቁጥር በአንድ ከረጢት ታስሮ።

ሽወዳው ከረጢቱ ውስጥ ነው። መስቀያው ላይ ያየኸው ሸሚዝ ስፌቱ ልቅም ያለ ነው፤ የታሸገው ውስጥ ያለው ቁልፉ የላላ፣ ወይም ትልልቁ ቁጥር የጎደለ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ደርሰህ ስትከፍተው ማንን ትከሳለህ? አክስቴ እያንዳንዱን ከረጢት ታስከፍታለች። ሻጮቹ ያጉረመርማሉ። እሷ ቁልፍ ትቆጥራለች።

ሌላው የሰፈሩ ችግር ደላላ ነው። መንገድ ላይ «ሰላም ነው? እህቴ!» የሚል አንዱ ተጠግቶ አብሮን መሄድ ጀመረ። ምንም አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ አብሮ ይሄዳል። ሱቅ ስትገባ አብሮህ ይገባል። ባለ ሱቁ አንተን እሱ ያመጣህ ይመስለዋል፣ ኮሚሽኑን ዋጋው ላይ ይጨምራል። አክስቴ መፍትሔዋ አስቆኛል። ሱቁ በር ላይ ደርሳ ቆመች፣ «ግባ፣ ግባ» ብላ አሳለፈችው፣ እሱ ሲገባ እኛ ቀጣዩ ሱቅ ገባን።

እኩለ ቀን ላይ ወንዶቹ ለጁምዓ ሄዱ። ሰፈሩ ጭር አለ። ምሳ በላን፣ ምናሌው ላይ ዋጋ ያለበት ቤት። ዋጋ የሌለው ምናሌ ካቀረቡላችሁ ተነስታችሁ ውጡ፤ በተለይ ዓሣ ቤት፣ ዓሣው «በክብደት ነው» ተብሎ ከተበላ በኋላ ከሆነ ዋጋው የሚነገረው።

ቅዳሜ

ኤሚኖኑ። የግብጽ ገበያ የሚባለው የቅመም ገበያ እ.ኤ.አ. ከ1660ዎቹ ጀምሮ እዚህ አለ። ሽታው ከበሩ ጀምሮ ይቀበላችኋል። እዚህ ቅመም በከረጢት ተቆልሎ ተቆልሎ ሲታይ መርካቶ በርበሬ ተራ ያደገ ሰው እንግዳነት አይሰማውም።

አንዱ «የቱርክ ሳፍሮን» እያለ ቀይ ብርቱካናማ ክምር አሳየን። ዋጋው ርካሽ ነው፣ በማንኪያ ነው የሚሰፍረው። እውነተኛ ሳፍሮን በዓለም ውዱ ቅመም ነው፤ በግራም ይመዘናል፣ በማንኪያ አይዛቅም። አክስቴ ቆንጥራ መዳፏ ላይ አደረገችው።

«ይሄማ የሱፍ አበባ ነው!»

ነበር። ጾም ሲመጣ ፍሬውን ቆልተን፣ ወቅጠን፣ ውሃውን ጨምቀን ለፍትፍት የምናደርገው ያው የእኛው ሱፍ። አበባው ወጥ ያቀላ ይሆናል እንጂ የሳፍሮን መዓዛ የለውም። ሳፍሮን ክሩ ቀጭን ነው፣ አንዱ ጫፉ እንደ ጥሩምባ ይሰፋል። ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ሲነከር ቀለሙን ቀስ እያለ ይለቃል። አክስቴ ሳቀች፤ ሻጩም አብሯት ሳቀና እውነተኛውን ከኋላው ካለው መሳቢያ አወጣ። እሱንም አልገዛንም።

ከገበያው ውጭ ወደቡ ላይ «ቦስፎረስ! ቦስፎረስ! አሁን ይነሳል!» የሚሉ ሰዎች አሉ። የሚጠሩት ዋጋ እንደ ፊታችሁ ይለያያል። አጠገቡ ግን የሕዝብ ጀልባ መቆሚያ አለ። ያችኑ የትራም ካርድ አስነክቶ በእስያ በኩል ወዳሉት ኡስኩዳር ወይም ካዲኮይ መሻገር ይቻላል። ሁለት አህጉር፣ በአንድ ካርድ። እኛ ካዲኮይ ተሻገርን፣ ሲሚት የሚባለውን ሰሊጥ የተነሰነሰበት የቀለበት ዳቦ እየበላን።

እዚያ የማራሽ አይስክሬም የሚሸጠው ሰውዬ ኮኑን ሰጥቶኝ ነጠቀኝ፣ ገልብጦ ሰጠኝ፣ ባዶውን አስያዘኝ። ሰው ከቦን ይስቃል። ይሄኛው ሽወዳ ግን የተፈቀደ ነው፤ አይስክሬሙ መጨረሻ ላይ ይደርሳችኋል። ዋጋውን ብቻ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ማታ አክስቴ ስትተኛ ብቻዬን ወደ ኢስቲክላል መንገድ ወጣሁ። ቅዳሜ ማታ መንገዱ ጢም ይላል። አንድ ደህና የለበሰ ጎልማሳ ላይተር ጠየቀኝ። አላጨስም አልኩት። «ከየት ነህ? እኔም እዚህ እንግዳ ነኝ፣ ከቆጵሮስ ነው የመጣሁት። ብቻዬን ሆኜ ደበረኝ። አንድ ቢራ ልጋብዝህ፣ ጥሩ ቤት አውቃለሁ።»

እንግዳ ሆኖ ጥሩ ቤት ያውቃል። ይሄ በዚሁ ታክሲም በሚባለው ሰፈር የታወቀ ጨዋታ ነው፤ የሚታደነውም ብቻውን የሚሄድ ወንድ ነው። ቤቱ ምድር ቤት ነው። ሁለት ሴቶች መጥተው ይቀመጣሉ፣ ይጠጣሉ፣ ማን እንዳዘዘ አይታወቅም። ሂሳቡ ሲመጣ የደመወዝ ያህል ነው። ጋባዡ «እኔም ደንግጫለሁ፣ እኩል እንክፈል» ይላል። በሩ ላይ ሁለት ግዙፍ ሰዎች አሉ፤ ገንዘብ ካልያዝክ እስከ ኤቲኤም ድረስ ይሸኙሃል።

«እሺ፣ ግን እኔ ልምረጥ» አልኩትና ጥጉ ላይ ያለውን ሻይ ቤት አሳየሁት፣ ዋጋው መስታወቱ ላይ የተጻፈ። ሰውዬው ሰዓቱን አየ። ቀጠሮ ትዝ አለው። እንዲህ ዓይነቱ ውስጥ የገባ ሰው ደረሰኙን ይዞ ወደ ፖሊስ መሄድ አለበት፤ ስልኩ 112 ነው፣ ሱልጣናህመት የሬባታን የሚባለው ጥንታዊ የምድር ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያ አካባቢ ደግሞ የቱሪስት ፖሊስ አለ።

እሁድ

ትልቁ የተሸፈነው ገበያ እሁድ ዝግ ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው በሩ ላይ «ክፍት የሆነውን ላሳይህ» የሚል ይጠብቀዋል። እኛ ባላት የሚባል ሰፈር ሄድን፣ ባለቀለም ቤቶቹን አየን፣ ዝናብ መጣ፣ ታክሲ ያዝን።

ሾፌሩ ሜትር አልከፈተም። «ታክሲሜትሬ» አለች አክስቴ። ተበላሽቷል አለ። በሩን ከፈተች። ሜትሩ ወዲያው ዳነ።

ስንወርድ የሠራችው ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል። ትልቁ የቱርክ ብር 200 ሊራ ነው፤ ኑሮ ስለተወደደ ለትንሽ ነገርም ብዙ ኖት ትቆጥራለህ። ጨለማ ውስጥ ሁለት መቶ ትሰጠዋለህ፣ እጁን ዝቅ ያደርግና ሃያ ሊራ ያሳይሃል፤ «ይሄን ነው የሰጠኸኝ» ይላል። አክስቴ የጣራውን መብራት አስበራች። እያንዳንዱን ኖት ዘርግታ፣ ከፍ ባለ ድምፅ በቱርክኛ «ኢኪ ዩዝ... ኢኪ ዩዝ...»፣ ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ እያለች መዳፉ ላይ አስቀመጠች። ሾፌሩ እንደ ተማሪ አብሯት ቆጠረ። መልሱን በትክክል ሰጠን። እኔ ደግሞ ታርጋውን በስልኬ አንስቼ ነበር፤ በታክሲ ላይ አቤቱታ ለማዘጋጃ ቤቱ በ153 ይቀርባል። አላስፈለገም።

ሰኞ

የቀረንን ዶላር ትልቁ ገበያ ጋ ዘረዘርን፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው በጣም ይሻላል። መስኮቱ ፊት ሳንነሳ ቆጠርን። ከዚያ የሞሉትን ሻንጣዎች እየጎተትን ወጣን።

አውሮፕላን ማረፊያው ሰልፍ ላይ አንዲት የአገራችን ልጅ መጣች። «እናቴ፣ ኪሎ ከተረፋችሁ ይቺን ብቻ ያዙልኝ። ቦሌ ወንድሜ ይቀበላችኋል።» የታሸገች ካርቶን። ድምጿ ደከም ያለ፣ አማርኛዋ የሰፈር ልጅ። ከሳምንቱ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው። የምንጣፉን ሰውዬ እምቢ ማለት ቀላል ነበር።

«ክፈቺውና አብረን እንየው» አለች አክስቴ።

«በቴፕ ታሽጓል እናቴ።»

አክስቴ ቦርሳዋን ከፍታ ወፍራም ቡናማ ቴፕና መቀስ አወጣች። ነጋዴ ያለ ቴፕ አይጓዝም። «እንደገና እናሽገዋለን። ምን ችግር አለው?»

ልጅቷ ካርቶኗን አየች፣ እኛን አየች። «ተዉት በቃ» ብላ ወደ ሰልፉ ኋላ ሄደች። ምን እንደነበረበት አላወቅንም። የሕፃን ልብስም ሊሆን ይችላል። ካልከፈቱት ግን ቦሌ ላይ ሲከፈት የሚጠየቀው የያዘው ሰው ነው።

ተራችን ደረሰ። ሚዛኑ ላይ የእኛ ሻንጣ ከተፈቀደው አልፎ ተገኘ። አክስቴ ለትርፍ ኪሎ አልከፍልም አለች። ሻንጣውን ወለሉ ላይ ከፍታ ሁለት የቆዳ ጃኬት አወጣች፣ አንዱን በነጠላዋ ላይ ደርባ ለበሰች፣ ሌላውን ለእኔ ወረወረችልኝ።

«ልበሰው። አውሮፕላን ውስጥ ይበርዳል።»